ገረባ ለቃሚዋ

ባለፈው ሳምንት የበር ማጠፊያ ልገዛ ጭሮ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ አልኩ። ከእኔ በፊት የገባች አንዲት ሴት ከባለሱቁ ጋር ክርክር ይዛለች። ሻሿን ወደ ኋላ ወርውራ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ጣውላ በጣቷ ታንኳኳለች።

«ይሄማ ስስ ነው» አለች። «እኔ የምፈልገው ወፍራም ገረባ ነው። የልጆቹን መኝታ ከእንግዳ ክፍሉ ልለይበት ነው።»

«ወፍራሙ ገረባ ከገለምሶ የሚገባው ሐሙስ ነው» አላት ባለሱቁ፣ በፍጹም ቁም ነገር። «እስከዚያ ከዚሁ ሁለት ደርበሽ ብታሠሪ ማን ከለከለሽ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ምነው ጋሼ?» አለኝ ባለሱቁ። ምን ብዬ ላስረዳው? ባለሱቁ ገና ልጅ ነው፤ «ገረባ» የሚለውን ቃል ያወቀው ከተከበረ በኋላ ነው።

የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ልናገር። ጫት ሲቃም ለጋው ቅጠል ተመርጦ ይወሰድና ግንዱና ጠንካራው ቅጠል ይቀራል። ያ ቀሪ ነው ገረባ የሚባለው። በርጫው፣ ማለትም አብረው የሚቅሙበት ስብሰባ፣ ሲፈታ ተጠርጎ ደጅ ይጣላል፤ የከተማው ፍየሎችም ሰዓቱን አውቀው ይጠብቁታል። ሰው ከሥራም ከትዳርም ተፈናቅሎ ሲወድቅ «ገረባ ሆነ» ይባል ነበር። ከዚያ በታች ደግሞ አንድ ደረጃ አለ፦ ገረባ ለቃሚ። መግዣ አጥቶ፣ ሌሎች ቅመው የተነሡበትን ቦታ እየዞረ፣ ከወደቀው ውስጥ የሚታኘክ ቅጠል የሚፈልግ ሰው ነው። በጭሮና በገለምሶ ከዚህ የከፋ ስም አልነበረም። ሌባ እንኳ ቢያንስ ቀልጣፋ ነው ይባልለታል።

ይህ ስም በአንዲት ልጅ ላይ ወድቆ ሲነሣ አይቻለሁ። ስቄም ከሆነ የሳቅሁት እሱን አስታውሼ ነው።

ያኔ ፀጉሬ ገና ገብስማ አልሆነም። አባቴ ባወረሰኝ የእንጨት ሥራ ቤት በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ከአስፋልቱ ዝቅ ብላ ያለች፣ ክረምት ከበጋ መጋዝ አቧራ የሚሸት ቤት ናት። በበልጉ ዝናብ፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጨርጨር ተራሮች ወርዶ መንገዱን በሚውጥበት ወራት፣ አንድ አይሱዙ ደጄ ላይ ቆመ። ከጋቢናው አንዲት ቀጭን ልጅ ወረደች። ከኋላ ደግሞ ብረት፣ ሽቦና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ወረደ።

ኢፍቱ ትባላለች። የገለምሶው የሐጂ ኢብሮ ልጅ ናት። ሐጂ ኢብሮን የማያውቅ የጫት ነጋዴ አልነበረም፤ ስማቸው ከገለምሶ እስከ ድሬዳዋ ያለ ደረሰኝ ጫት ያስረክባል። ልጃቸው ምሕንድስና ተምራ ስትጨርስ ቢሮ ትገባለች ብለው ሲጠብቁ፣ እሷ ከአሮጌ የማተሚያ መሣሪያዎች ሞተር እየነቀለች በኮምፒውተር የሚነዳ መቁረጫ ሠራች። እኔ ዘንድ የመጣችውም ቤቴ ጠንካራ የመብራት መስመር ስላለው ጥግ እንዳከራያት ነበር።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» አልኳት።

«ግድግዳ።»

«በምን?»

«በገረባ።»

«እህቴ፣ ይሄማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ላሟማ ውላለች» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ጫት ተራው እያመለከተች። «ኩበቱን የሚያየው ጠፍቶ ነው እንጂ።»

አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። ጥጉን ሰጠኋት።

ሥራዋን አጠገቧ ሆኜ ስላየሁት መናገር እችላለሁ። ግንዱን ትከትፍና በኖራ ውሃ ታሳድረዋለች። ሲለሰልስ ወቅጣ ጭረቱን ትለያለች፤ ከአጥር ላይ የተቆረጠ ቃጫ ትቀላቅልበታለች። ከማሽላ ዱቄት የበሰለ ሙጫ ትጨምርና በሁለት ብረት መካከል አስቀምጣ በመኪና ክሪክ ትጨምቀዋለች። የመጀመሪያዎቹ ጣውላዎች ዝናብ ሲነካቸው እንደ ቂጣ አብጠው ተነሡ። ቀጥሎ የመጡት ደርቀው ተሰነጠቁ። እኔ በየጊዜው «እንግዲህ ተስፋ ቆረጠች» እላለሁ፤ እሷ የተበላሸውን መልሳ ትዘፈዝፈዋለች። ከተማው የጣለውን የምታነሣ ልጅ የራሷን ስህተት እንዴት ትጣል?

በመጨረሻ የወጣው ጣውላ መልኩ ጠይም፣ ጭረቱ እንደ ተደቀደቀ ጥልፍ የሚታይ፣ ሲያንኳኩት ድምፁ እንደ ደረቀ እንጨት የሆነ ነበር። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት። ደስ አለኝ፤ እንጨት የሚያውቅ ሰው እጁ አይዋሸውም። ሚስማር ስመታበት ግን ተተረተረ። በመጋዝ ስቆርጠውም ጠርዙ ተበጣጠሰ። «አየሽ?» አልኳት፣ ሳላስበው ደስታ ቢጤ በድምፄ ውስጥ ገብቶ።

«ለዚህ እኮ ነው ያመጣሁት» አለችና መቁረጫዋን አስነሣች።

ከተማው በኋላ ያንን ማሽን «እጅ የለሹ አናጺ» ብሎታል። ኢፍቱ በኮምፒውተሩ ላይ የሣለችውን መስመር ተከትሎ፣ ሳይቸኩል፣ ጣውላውን ሳያስደነግጥ ይቆርጣል። ጠርዙ ላይ ጥርስ ያወጣለታል። የአንዱ ጥርስ ከሌላው ክፍተት ይገባና ሁለት ጣውላዎች እንደ ተጣመሩ ጣቶች ይያያዛሉ። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ ይላል፤ ሲመጣ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። አባቴ ዕድሜውን የፈጀበት ሙያ በዚያ ጥግ በብረት ጣት ሲሠራ ማየት ቀላል አልነበረም። ቅናቱ ግን ብዙም አልቆየም፤ ከሰነበተ በኋላ ሥራዬን ትቼ ቆሜ የምመለከት ሰው ሆንኩ። ልጅቷን ወደሃት ነበር ወይ የሚለኝ አለ። ሥራዋን ነው የወደድኩት እላለሁ። ባለቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አዴ ዘይቱ ሆኑ። ጫት ተራው ዳር ሻይና ሆጃ ይሸጣሉ፤ ሆጃ ማለት የቡና ቅጠል ከወተትና ከጨው ጋር የሚፈላው ነው፣ በጠዋት ብርድ ከሱ የሚበልጥ ነገር የለም። ግድግዳቸው ፕላስቲክ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቦንቦሊኗቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ቆመው ይውላሉ። ኢፍቱ «እኔ እሠራልዎታለሁ» ስትላቸው፣ «ከምን?» ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። «ፍየሎቼ ያውቃሉ?» አሉ ቀጥለው። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ለአንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ብዙ ገረባ ይፈልጋል። ኢፍቱ ጆንያ ይዛ ትወጣለች። ጠዋት ነጋዴዎቹ ጫት ሲያስሩ ቆርጠው የጣሉትን ታነሣለች፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ሲፈታ በየደጁ ዞራ የተጠረገውን ትሰበስባለች። ጎንበስ ብላ፣ መርጣ፣ ግንድ ግንዱን እያነሣች። እኔም ሥራ ሲቀልልኝ አብሬያት እሄድ ነበር። ሰው ቆሞ ያየናል። የሚያዩን ስለ ማሽኑ ስለሰሙ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኛ ዘንድ ያልደረሰው ወሬ በሚኒባስ ተሳፍሮ ገለምሶ ገብቶ ነበር። የሐጂ ኢብሮ ልጅ ትምህርቱ አዙሯት፣ ጭሮ ላይ ገረባ እየለቀመች ነው፤ አንድ አናጺም አብሯት ይለቅማል።

ሐጂ ኢብሮ የመጡት በመስከረም፣ የማሽላው ራስ መክበድ በጀመረበት ጊዜ ነው። ኢፍቱ ወጥታለች። እሳቸው ደጄ ላይ ቆመው ነጭ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ከሚኒባስ ጉዞው ኮታቸው አቧራ ለብሷል። ከአባቴ ጋር ይተዋወቁ ነበርና ተንደርድሬ ሰላም አልኳቸው። ወደ ውስጥ ይግቡ ብላቸው ቤቱን በጨረፍታ አዩና አልገባም አሉ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። የመንገድ ድካም መሰለኝ።

«እንግዲያው ሆጃ ይጠጡ» ብዬ ወደ አዴ ዘይቱ ወሰድኳቸው። ልቤ በደስታ ትዘላለች። ሦስቱ ግድግዳዎች ቆመዋል፣ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ የልጃቸውን ሥራ ሳይነገራቸው ሊቀመጡበት ነው። እሷ ስትመጣ በራሷ አፍ ትንገራቸው ብዬ ለአዴ ዘይቱ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁ። አዴ ዘይቱም ሆጃውን ቀድተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ዘወር አሉ።

ሐጂ ግድግዳውን በእጃቸው ጀርባ አንኳኩ። «ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «ዋንዛ ነው መሰለኝ።» መልስ ግን አልጠበቁም፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

«ግርማ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ አባትህን አውቃለሁ። ውሸት አያውቅም። አንተም አትዋሸኝ። ኢፍቱ ገረባ ትለቅማለች ይላሉ። እውነት ነው?»

ይኸው ደረሰ፣ ስለ ሥራው ሊጠይቁኝ ነው አልኩ በልቤ።

«እውነት ነው እንጂ ሐጂ» አልኩ በኩራት። «በዚህ ከተማ እንደሷ የለቀመ የለም። ጠዋት ትወጣለች፤ ከሰዓት ደግሞ በርጫ ሲፈታ ትዞራለች። አሁንማ ሰዉ ለምዷት የሚያስቀምጥላትም አለ።»

ብርጭቋቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበልግ ጀምሮ። አንድ ጆንያ አይበቃትም። እኔም አንዳንዴ አብሬያት እለቅማለሁ፤ ግን እንደሷ አልበረታም።»

ሐጂ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ለእናቷ ምን እላለሁ?» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። «እኔ እኮ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ደንበኞቼ ነበሩ። አንዱ አስተማሪ ነበረ። አሁን ደጄ ላይ ገረባ ይለቅማል። ልጄ… ያ ረቢ።»

ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ። የተናገርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ በርጫ ሲፈታ፣ ጆንያ አይበቃትም፣ አብሬያት እለቅማለሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብዬ ተንተባተብኩ። «አይደለም ሐጂ፣ እሷ… ለግድግዳ…» አልኩ። እሳቸው ግን ልጅቷን ለማዳን የሚዋሽ ሰው በሚታይበት ዓይን አዩኝና ለመሄድ ተነሡ።

ያኔ ነው ከጀርባቸው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ የተሰማው።

«ሂጂ አንቺ!» አሉ አዴ ዘይቱ ማማሰያቸውን አንሥተው እየወጡ። «ግድግዳዬን በላችው!»

ወጣን። አንዲት ቡላ ፍየል የግድግዳውን ጠርዝ በጎን ጥርሷ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች። ከዱላም ከጩኸትም ይልቅ የሚጣፍጣት ነገር ይዛለች። አዴ ዘይቱ በቀንዷ ይዘው ሲጎትቷት ጥርስ የወጣለት አንድ ጫፍ ይዛ ሄደች። የመጀመሪያው የኢፍቱ ግድግዳ በፍየል ተቀመሰ ብዬ ልቤ ወደቀ።

ሐጂ ኢብሮ ግን አልተንቀሳቀሱም። «ፍየል ዋንዛ ትበላለች?» አሉ።

ጎንበስ ብለው ከተነከሰው ቦታ አንድ ጭረት መዘዙ። በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ደግመው አሸተቱት።

«ጫት ነው» አሉ። «የጫት ግንድ።»

ግድግዳውን እንደገና አንኳኩ። በትከሻቸው ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ። በጠርዙ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ «ሚስማሩስ?» አሉኝ። ሚስማር እንደሌለው፣ ጥርስ ለጥርስ እንደሚያያዝ፣ የሚቆርጠው ማሽን ከእኔ ቤት እንዳለ፣ የሠራችውም ማን እንደሆነች አሁን ቃል ሳይጠፋኝ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ዓይናቸው ከግድግዳው አልተነሣም።

ኢፍቱ በጫት ተራው በኩል ብቅ አለች። ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ ጎንበስ ብላ ትመጣለች። ነጋዴዎቹ አባቷን አውቀዋቸው ስለነበር ሥራቸውን ትተው ቆመዋል፤ ምን እንደሚፈጠር ለማየት። ወሬውን የላኩትም እዚያው መካከል ነበሩ። ኢፍቱ ቀና ስትል አባቷን አየች።

«አባ» አለች። ጆንያውን አላወረደችም።

«ኢንተለ ቲያ» አሉ እሳቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠጋ ብለው ጆንያውን በዱላቸው ነካ አደረጉት። «ይሄ ግድግዳ ከዚህ ነው?»

«ከዚህ ነው አባ።»

«ሰው ቅሞ ከጣለው?»

«ሰው ቅሞ ከጣለው።»

ሐጂ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆዩ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጫት ሸጥኩ» አሉ ቀጥለው። «የሸጥኩት አንድ ቀን አድሮ አያውቅም።»

ጫት የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አያስፈልገውም። ጠዋት የተቆረጠው ማታ ካልተሸጠ ነገ ማንም አይነካውም፤ ለዚያ ነው አይሱዙዎቹ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ነፍስ አይማርህ ብለው የሚበሩት። ሐጂ ኢብሮ የከበሩት፣ ልጅ ያስተማሩት፣ ሐጅ የሄዱት በማያድር ነገር ነው።

«ይሄ ግን ያድራል» አሉ ግድግዳውን ቸብ አድርገው። «አምጪ።»

ኢፍቱ ጆንያውን ልታወርደው መስሏት ዞረች። ሐጂ ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጆንያውን ከጀርባዋ ተቀበሉና ትከሻቸው ላይ አወጡት። ኮታቸው ላይ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ከዚያ ወደ እኔ ቤት የሚወስደውን የጀርባ መንገድ ትተው፣ በጫት ተራው መሃል፣ በነጋዴዎቹ ፊት፣ አስፋልቱን ይዘው ሄዱ።

አንድ የሚያውቃቸው ወጣት ነጋዴ ደንግጦ ሮጦ ደረሰ። «ሐጂ፣ እኔ ልያዝልዎት።»

«ተወው» አሉት ሳይቆሙ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ገረባ ነው። የልጄ ነው።»

ኢፍቱ ከኋላቸው ትሄዳለች። በዚያ ሁሉ ወራት፣ ጣውላው ሲያብጥም፣ ሲሰነጠቅም፣ መብራት ሲጠፋም ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ፣ እያለቀሰች ሄደች። እኔም ዱላውን ይዤ ከኋላ ነበርኩ፤ ምን ልደብቅ፣ እኔም አልቅሻለሁ።

ቤት ደርሰው ጆንያውን ሲያወርዱ ላባቸውን ጠረጉና ማሽኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። መብራት ነበር፤ ኢፍቱ ፍየሏ በበላችው ምትክ አዲስ ጣውላ አስቆረጠች። ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላለ ሌላውን ሳትነካ ያንኑ ብቻ ሠርታ በቦታው ሰካችው። ይሄ ከሁሉም በላይ ገረማቸው። ሊሄዱ ሲሉ ግን አንድ ትችት ሰነዘሩ። «ኢፍቱ፣ ፍየል የማትበላው አድርጊው» አሉ። የእኛ ገበሬ ችግኙን ከፍየል የሚያድነው ፍግ ቀብቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የውጪው ጎን ኖራና እበት እየተቀባ ይወጣል፤ ያ ቡላ ፍየል አንዴ አሽትታ አስነጥሳ ሄደች ሲሉ አዴ ዘይቱ ያወሩ ነበር።

በማግስቱ ከገለምሶ የተነሣ አንድ አይሱዙ ደጄ ቆመ። የጫነው ገረባ ብቻ ነው።

ይህ ከሆነ ብዙ ክረምት አልፏል። ሐጂ ኢብሮ ዐርፈዋል፤ አላህ ይማራቸው። ኢፍቱ ድሬዳዋ ሆና ወጣቶችን ታስተምራለች፤ ጣውላው ገለምሶ ውስጥ ይጨመቃል፣ በእኔ ቤትም እጅ የለሹ አናጺ ሁለት ልጆች ወልዷል። የአዴ ዘይቱ ሻይ ቤት አሁን የልጃቸው ነው፤ ግድግዳው ያው ነው። አንዳንዴ እዚያ ተቀምጬ ሆጃ ስጠጣ፣ ፍየሏን ያን ቀን ባይርባት ኖሮ እላለሁ። ሰው በራሱ አፍ ያበላሸውን ፍየል በጥርሷ ስታቃናለት አይቻለሁና፣ ፍየል ባየሁ ቁጥር ከአክብሮት ጋር ነው መንገድ የምለቅላት።

ለባለሱቁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ማጠፊያዬን ገዝቼ ደጁ ላይ ቆምኩ። ሴትየዋ በመጨረሻ ሁለቱን ስስ ገረባዎች ገዝታ በገመድ አሳሰረቻቸው። ራሷ ላይ አወጣቻቸው፤ በአንድ እጇ ደግፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በጫት ተራው በኩል ሄደች። እዚያ ጫት የሚያስሩ፣ የሚያራግፉ፣ የሚከራከሩ ነበሩ። ገረባ ተሸክማ በመሃላቸው ስታልፍ፣ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም።